የመፈልፈያ ማሽን እርጥበትና ከፍታ፦ «50 በመቶ በየትም ቦታ ይሠራል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ዶሮ እንቁላል መፈልፈያ ማሽን እርጥበት የተጻፈና በአርቢዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ጀማሪዎችን ከግራ መጋባት ለማውጣት አስበው እንደጻፉት ከአገላለጻቸው ያስታውቃል፤ ስለ ሙቀትና ስለ እንቁላል መገላበጥ ያሉትም በአብዛኛው ትክክል ነው። እርጥበትን በተመለከተ የሰጡት ምክር ግን፣ በተለይ ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ባለ ቦታ ለሚሠራ ሰው፣ የዳበረ እንቁላልን በከንቱ የሚያስቀር ነው። የምክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ እስከ 18ኛው ቀን 50 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 70 በመቶ እርጥበት በየትኛውም ቦታ ይሠራል፤ ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ ቢኖር ስስ አየር ውኃ መያዝ ስለማይችል ወደዚሁ ቁጥር ለመድረስ ተጨማሪ ውኃ መፈለጉ ብቻ ነው፤ የውጪው አየር ርጥብ በሚሆንበት ወቅት በማሽኑ ውስጥ ውኃ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት እርጥበቱ እንዳያመልጥ የአየር ቀዳዳዎቹ ይዘጉ፤ ቀኑን ሞልቶ በቅርፊቱ ውስጥ የሞተ ጫጩት ሁሉ የሞተው በድርቀት ነው፤ እንቁላል መመዘንም የቤተ ሙከራ ሥራ እንጂ የአርቢ ሥራ አይደለም። እነዚህን በተራ እመልሳለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ የሌሎቹ ሁሉ ሥር ነው። ጸሐፊው እርጥበትን ራሱን እንደ ግብ ያዩታል፤ ሃይግሮሜትሩ (የእርጥበት መለኪያ መሣሪያው) 50 ካሳየ ሥራው እንደተሠራ ይቆጥሩታል። እርጥበት ግን ከእንቁላሉ የሚወጣውን ውኃ የምንቆጣጠርበት መሣሪያ ነው። የእንቁላል ቅርፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ሽሉ የሚተነፍሰው በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው፤ በእነርሱው በኩል ውኃም በተን መልክ ሳያቋርጥ ይወጣል። 60 ግራም የሚመዝን አንድ የዶሮ እንቁላል ማሽን ውስጥ ከገባበት ቀን አንሥቶ ጫጩቱ እስኪወጣ ድረስ 6 ሊትር ያህል ኦክስጅን ያስገባል፣ 4.5 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፣ 11 ሊትር ያህል የውኃ ተንም ያጣል፤ ይህ ተን ተመልሶ ውኃ ቢሆን 9 ግራም ገደማ ይመዝናል። ውኃው የለቀቀውን ስፍራ አየር ይይዘዋል፤ በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ በኩል በብርሃን ሲታይ የሚስተዋለው የአየር ክፍል በየቀኑ የሚሰፋው በዚህ ምክንያት ነው። ጫጩቱ በ19ኛው ወይም በ20ኛው ቀን በመጀመሪያ የሚነቁረው ቅርፊቱን ሳይሆን ከዚህ የአየር ክፍል የሚለየውን ስስ ሽፋን ነው፤ የመጀመሪያውን የሳንባ ትንፋሽ የሚስበውም ከዚያ ነው። የአየር ክፍሉ ከጠበበ የሚተነፍሰው አየር ያንሰዋል፤ ከመጠን በላይ ከሰፋ ደግሞ ጫጩቱ ደርቆና ደክሞ ከመውጫው ቀን ይደርሳል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ፈልፋዮች የሚይዙት መለኪያ እንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን ድረስ ከመነሻ ክብደቱ ከ11 እስከ 14 በመቶ ያህል እንዲቀንስ ማድረግ ነው፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ 12 በመቶን እይዛለሁ። «50 በመቶ እርጥበት» የተባለው ቁጥር ተቀባይነት ያገኘውም ዝቅ ባለ ቦታ፣ በ37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ ከዚህ የክብደት መቀነስ ጋር የሚቀራረብ ውጤት ስለሚሰጥ ነው።

ከፍታ በዚህ ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው? ከእንቁላሉ በቀን የሚወጣውን ውኃ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ አንደኛው ቅርፊቱ ተን የማሳለፍ አቅሙ ነው፤ ሁለተኛው በእንቁላሉ ውስጥና በውጪው አየር መካከል ያለው የተን ግፊት ልዩነት ነው፤ የሁለቱ ብዜት የሚጠፋውን ውኃ ይሰጣል። ይህን ግንኙነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ተመራማሪው ኸርማን ራን ከባልደረቦቻቸው ከአሞስ አርና ከቻርልስ ፓጋኔሊ ጋር በብዙ አእዋፍ እንቁላል ላይ ለክተው አሳይተዋል። በእንቁላሉ ውስጥ ያለው አየር ሁልጊዜ በተን የተሞላ ነው፤ በ37.5 ዲግሪ ሙቀት የዚህ ሙሉ ተን ግፊት 48 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። በማሽኑ ውስጥ ያለው እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን የውጪው የተን ግፊት 24 ይሆናል፤ ልዩነቱም 24 ነው። እስከዚህ ድረስ ከፍታ ምንም ሚና የለውም፤ የጸሐፊው አሳብ ትክክል የሚመስለውም ስሌታቸው እዚህ ላይ ስለሚያበቃ ነው። ለውጡ ያለው በቅርፊቱ የማሳለፍ አቅም ላይ ነው። የውኃ ተን በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚወጣው ከአየር ቅንጣቶች ጋር እየተጋጨ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የሚጋጨው ነገር ስለሚያንስ በፍጥነት ያልፋል። ፍጥነቱና የአየር ግፊቱ በተገላቢጦሽ ይሄዳሉ፤ ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ ተኑ የሚወጣበት ፍጥነት በአንድ አራተኛ ይጨምራል።

በባሕር ወለል የአየር ግፊት፣ በሌላው የግፊት መለኪያ በኪሎፓስካል ሲገለጽ፣ 101.3 ነው። በ1,000 ሜትር ከፍታ ወደ 90፣ በ1,500 ሜትር ወደ 84.5፣ በ2,000 ሜትር ወደ 79.5፣ በ2,500 ሜትር ወደ 75፣ በ3,000 ሜትር ወደ 70 ኪሎፓስካል ይወርዳል። ስለዚህ በባሕር ወለል፣ በ50 በመቶ እርጥበት፣ በ18 ቀናት 12 በመቶ የሚቀንስ እንቁላል ወደ 2,500 ሜትር ተወስዶ በዚያው 50 በመቶ እርጥበት ቢቀመጥ ከ16 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ወደ 12 ለመመለስ የተን ግፊት ልዩነቱ በዚያው ልክ መጥበብ አለበት፤ ይህም ማለት እርጥበቱ በ1,000 ሜትር ወደ 56፣ በ1,500 ሜትር ወደ 58፣ በ2,000 ሜትር ወደ 61፣ በ2,500 ሜትር ወደ 63፣ በ3,000 ሜትር ወደ 65 በመቶ ከፍ ይላል። ስሌቱን አንባቢ ራሱ ሊሠራው ይችላል፦ የቦታውን የአየር ግፊት በ101.3 አካፍሎ፣ የተገኘውን በ50 አባዝቶ፣ ውጤቱን ከ100 መቀነስ ብቻ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ በአየር ትንበያ የሚነገረው ግፊት ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ወለል ተስተካክሎ የተሰላ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሚያስፈልገው በቦታው ያለው እውነተኛ ግፊት ወይም የቦታው ከፍታ ነው።

ጸሐፊው በዚህ ላይ ሊያነሡት የሚችሉት ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ እርሳቸው ባያነሡትም ማለፍ ተገቢ አይደለም። በከፍታ ቦታ 50 በመቶ ይዘው ጥሩ ውጤት ያገኙ ሰዎች አሉ፤ ከላይ ያለው ስሌት ትክክል ከሆነ እነርሱ እንዴት ተሳካላቸው? መልሱ እንቁላሉ ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው። ራንና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ባወጡት ጥናት በከፍታ ቦታ የሚጥሉ አእዋፍ የእንቁላላቸው ቅርፊት ቀዳዳ ስፋት እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ በ1982 ደግሞ በ3,800 ሜትር ይኖሩ የነበሩ ዶሮዎች ወደ 1,200 ሜትር ሲወርዱ የእንቁላላቸው ቅርፊት የማሳለፍ አቅም እንደሚለወጥ ተከታትለው ዘግበዋል። እንግዲህ ከፍታውን የለመደች ዶሮ የጣለችው እንቁላል በራሱ ቅርፊት የተወሰነ መከላከያ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ከቆላ የእርባታ ጣቢያ ተጭኖ ወደ ደጋ የወጣ እንቁላል ግን ይህ የለውም። በአንድ መንደር፣ በአንድ ዓይነት ማሽን የሚሠሩ ሁለት ሰዎች የእንቁላላቸው ምንጭ ስለተለያየ ብቻ የተለያየ እርጥበት ሊያስፈልጋቸው ይችላል። በዚህ ላይ የዶሮዋ ዕድሜ ይጨመራል፤ ያረጀች ዶሮ እንቁላል በአብዛኛው ቅርፊቱ የሳሳ ስለሆነ ከወጣቷ እንቁላል ይበልጥ ውኃ ያጣል። ስለዚህ እኔ ከላይ የዘረዘርኳቸው ቁጥሮችም መነሻ ብቻ ናቸው፤ አንባቢ የጸሐፊውን 50 ጥሎ የእኔን 63 እንደ ሕግ ቢይዝ ስሕተቱን በሌላ ስሕተት ተካው እንጂ አላረመውም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። «ስስ አየር ውኃ መያዝ አይችልም» የሚለው አባባል ከጽሑፉ ሁሉ በብዛት የሚደገመው ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። በአንድ ስፍራ ውስጥ ሊኖር የሚችለው ከፍተኛ የተን መጠን የሚወሰነው በሙቀት ነው፤ የአየሩ መወፈርና መሳሳት በዚህ ላይ ይህ ነው የሚባል ተጽዕኖ የለውም። በ37.5 ዲግሪ ሙቀት ሙሉው የተን ግፊት በባሕር ወለልም በ3,000 ሜትርም ያው 48 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ አይደለም፤ የተሳሳተው ምክንያት ወደ ተሳሳተ ሥራ ይመራል። አርቢው «አየሩ ውኃ አልያዘልኝም» ብሎ ካመነ፣ ሃይግሮሜትሩ 50 እስኪያሳይ ውኃ ጨምሮ ሥራዬ አልቋል ይላል፤ እንቁላሉ ግን በዚያው 50 በመቶ ውስጥ እየደረቀ ነው። ወይም ደግሞ መሣሪያውን ማመን ትቶ የማሽኑ መስታወት ላብ እስኪያወጣ ድረስ ውኃ ይሞላል፤ መስታወቱ ላብ የሚያወጣው ግን ከማሽኑ ውስጠኛ አየር ስለሚቀዘቅዝ ነው፤ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ማሽን መስታወቱ እርጥበቱ መጠነኛ ሆኖ ሳለም ሊያልበው ይችላል። መስታወት የእርጥበት መለኪያ አይደለም።

መሣሪያን ካነሣሁ ዘንድ፣ በርጥብ ቴርሞሜትር፣ ማለትም ጫፉ በርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ቴርሞሜትር፣ እርጥበትን የሚለኩ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ንባቡን ወደ እርጥበት መቶኛ የሚለውጡት አብዛኞቹ ሠንጠረዦች ለባሕር ወለል የአየር ግፊት የተሠሩ ናቸው። ደረቁ ቴርሞሜትር 37.5፣ ርጥቡ 29 ሲያሳይ በባሕር ወለል እርጥበቱ 53 በመቶ ገደማ ነው፤ ያው ንባብ በ2,000 ሜትር ከፍታ 55 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ሁለት ነጥብ ያህል ልዩነት ብዙ አያስጨንቅም፤ በርካሽ ሃይግሮሜትሮች ላይ የሚታየው ስሕተት ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ሃይግሮሜትሩን አስቀድሞ መፈተን ይጠቅማል፦ የገበታ ጨው በጥቂት ውኃ ለውሶ እንደ ርጥብ አሸዋ ካደረጉ በኋላ ከመሣሪያው ጋር አየር በማያስገባ ዕቃ ዘግቶ በክፍል ሙቀት ብዙ ሰዓት ማቆየት ነው፤ ትክክለኛ መሣሪያ 75 በመቶ ገደማ ያሳያል። 70 ካሳየ አምስት ነጥብ ዝቅ አድርጎ እንደሚያነብ ይታወቃል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ማለትም የውጪው አየር ርጥብ ሲሆን ውኃ አያስፈልግም የሚለው፣ በሞቃትና ርጥብ ዝቅተኛ ቦታ እውነትነት አለው፤ በቀዝቃዛ ከፍታ ግን ፍጹም ተቃራኒው ነው። አንጻራዊ እርጥበት፣ ማለትም በመቶኛ የምንናገረው እርጥበት፣ አየሩ በዚያ ሙቀት ሊኖረው ከሚችለው ከፍተኛ ተን ምን ያህሉን እንደያዘ ስለሚያሳይ ምንጊዜም ከሙቀት ጋር የተያያዘ መለኪያ ነው። 30 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ወደ ማሽኑ ገብቶ 37.5 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 53 በመቶ ይወርዳል፤ እዚህ ላይ ውኃ ሳይጨምሩ መሥራት ይቻላል። 12 ዲግሪ ሙቀትና ያው 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ግን ሲሞቅ 17 በመቶ ብቻ ይሆናል። ዝናቡ እየዘነበ፣ ጉሙ መስኮቱን እየሸፈነው፣ በማሽኑ ውስጥ ያለው አየር ከበረሃ አየር የደረቀ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ጸሐፊው «በከፍታ ቦታ ማሽኑ ውኃ ይጠጣል» ብለው የታዘቡት ነገር እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ይኸው የአየሩ ቅዝቃዜ ነው። ያለ ውኃ መፈልፈል የሚባለውን ዘዴ የሚያወድሱ ሰዎችም ውጤታቸውን ያገኙት የሚገባው አየር ሞቃትና ርጥብ በሆነበት ቦታ መሆኑን ሳይጠቅሱ ሲቀሩ፣ ምክራቸውን የደጋ ሰው ሰምቶ እንቁላሉን ያደርቃል። የቅዝቃዜውና የከፍታው ጉዳት ደግሞ አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረብ ነው፤ የመጀመሪያው እርጥበቱን ያወርደዋል፣ ሁለተኛው በዚያው እርጥበት የሚጠፋውን ውኃ ያበዛዋል።

አራተኛው ምክር፣ ማለትም በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት የአየር ቀዳዳዎችን መዝጋት፣ ከሁሉም አደገኛው ነው፤ ጽሑፉ ተስተካክሎ እንዲወጣ ከምመኝባቸው ነጥቦች ቀዳሚውም ይኸው ነው። የሽሉ የኦክስጅን ፍላጎት በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅግ ጥቂት ሲሆን ከፍ የሚለው ወደ መጨረሻው ነው፤ ቀዳዳዎቹ ይዘጉ የተባለው ጫጩቱ አየር አብዝቶ በሚፈልግበት ጊዜ ነው። ዝቅ ባለ ቦታ አየሩ ባለ ጸጋ ስለሆነ አንዳንዴ ስሕተቱ ሳይታወቅ ያልፋል። በ2,500 ሜትር ግን ከውጪ የሚገባው አየር ራሱ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ስስ አየር ውኃውን በቶሎ እንደሚያስወጣ ሁሉ ኦክስጅንንም በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል በቶሎ ያስገባል፤ ይህ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል እንጂ አይሞላውም። በዚህ ላይ የማሽኑ ቀዳዳዎች ሲዘጉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፣ ኦክስጅን ይበልጥ ይቀንሳል፤ ቅርፊቱን የነቆሩ ጫጩቶችም ሥራቸውን ሳይጨርሱ ይቀራሉ። ሰውየው ማሽኑን ሲከፍት የሚያየው የተነቆረ ቅርፊትና የሞተ ጫጩት ስለሆነ «እርጥበት አንሶት ነው» ብሎ በሚቀጥለው ጊዜ ቀዳዳውን አጥብቆ ይዘጋል።

በመጨረሻዎቹ ቀናት እርጥበቱ ወደ 70 በመቶ ከፍ ይበል መባሉ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ቅርፊቱ ከተነቆረ በኋላ ስሱ ሽፋን ደርቆ በጫጩቱ ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ቁም ነገሩ እርጥበቱን በምን እናምጣው የሚለው ነው። የሚተነውን ውኃ የሚወስነው የውኃው ጥልቀት ሳይሆን ለአየር የተጋለጠው ገጽ ስፋት ነው፤ ስለዚህ ጠባብና ጥልቅ ዕቃ ከመሙላት ይልቅ ሰፊና ጠፍጣፋ ትሪ መጠቀም፣ ካስፈለገም አንድ ጫፉ ውኃ ውስጥ የተነከረ ንጹሕ ስፖንጅ ወይም የጥጥ ጨርቅ ማቆም ይሻላል። ውኃ ሲጨመር ለብ ያለ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ውኃ የማሽኑን ሙቀት ያወርዳል። ማሽኑ ያለበትን ክፍል ማሞቅና ማርጠብም ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ትልቅ እገዛ ያለው ነገር ነው፤ ወደ ማሽኑ የሚገባው አየር አስቀድሞ ሞቆና ተን ይዞ ከገባ ቀዳዳዎቹን ከፍቶ መተው አያስፈራም። የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ሲወጡ ከርጥብ ላባቸው የሚነሣው ተን ራሱ እርጥበቱን ከፍ ስለሚያደርገው በዚያ ሰዓት ማሽኑን ከፍቶ ውኃ መጨመር አያስፈልግም፤ መክፈቱም ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳት ያመጣል።

አምስተኛው ነጥብ፣ ቀኑን ሞልቶ የሞተ ጫጩት ሁሉ በድርቀት ሞተ የሚለው፣ እኔንም ለረጅም ጊዜ ያሳሳተኝ እምነት ነው። ከፍ ባለ ቦታ መሥራት ስጀምር ያልወጡትን እንቁላሎች ሳልከፍት እጥላቸው ነበር፤ ጫጩት በቀረ ቁጥርም ውኃ እጨምር ነበር። በኋላ ከየዙሩ ያልወጡትን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ስመለከት አንዳንዶቹ ደርቀው ሳይሆን በውኃ ተውጠው እንደሞቱ አየሁ፤ ድርቀትን ስፈራ እርጥበትን ከልክ በላይ አሳልፌው ነበር። ሁለቱ ሞቶች ከውጪ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ቅርፊቱ ሲከፈት ግን ይለያያሉ። ብዙ ውኃ ያጣ እንቁላል የአየር ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ጫጩቱ ትንሽና የተጨማደደ ነው፣ ሽፋኑ እንደ ብራና ደርቆ ላባው ላይ ተጣብቋል፤ ብዙውን ጊዜ ቅርፊቱ ተነቁሮ ሥራው በመሐል ቆሟል። ውኃው ሳይወጣለት የቀረ እንቁላል በተቃራኒው የአየር ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ጫጩቱ አብጦና ለስልሶ ቅርፊቱን ሞልቶታል፣ በአፍንጫውና በዙሪያው ፈሳሽ አለ፣ አስኳሉ ወደ ሆዱ ሳይገባ ቀርቷል፤ አብዛኛውን ጊዜም ቅርፊቱን ሳይነቁር ይሞታል። በሕይወት የወጡትም ይናገራሉ፤ እምብርታቸው በደንብ ያልተዘጋ፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ ላባቸው በሚያጣብቅ ፈሳሽ የተለወሰ ጫጩቶች ሲበዙ ለሚቀጥለው ዙር እርጥበቱን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ከእርጥበት ውጪ የሆኑ ምክንያቶችም አሉ፦ የሙቀት መዛባት፣ በቂ ያልሆነ መገላበጥ፣ የእናት ዶሮዎች የመኖ ጉድለት። በተለይ በኤተር በተሞላ ስስ የብረት ክፍል የሚሠራ የቆየ ዓይነት ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ያለው ማሽን ከዝቅተኛ ቦታ ወደ ከፍታ ሲወሰድ እንደገና መስተካከል አለበት፤ የውጪው ግፊት ሲቀንስ ክፍሉ ቀድሞ ስለሚነፋ ማሞቂያውን ከሚገባው በታች ያጠፋዋል፣ ጫጩቶቹም ዘግይተውና ደክመው ይወጣሉ። ይህን ያላወቀ ሰው ጥፋቱን በእርጥበት ላይ ያሳብባል።

የመጨረሻው ነጥብ መመዘን ነው። ጸሐፊው ይህን የቤተ ሙከራ ሥራ ማለታቸው ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እስካሁን ያነሣኋቸውን ጥያቄዎች ሁሉ፣ የከፍታውን፣ የእንቁላሉን ምንጭ፣ የዶሮዋን ዕድሜ፣ የሃይግሮሜትሩን ስሕተት፣ በአንድ ጊዜ የሚመልሰው ሚዛን ብቻ ነው። ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ መመዘንም አያስፈልግም፤ 30 እንቁላል የያዘ ትሪ በአንድ ላይ መዝኖ የባዶውን ትሪ ክብደት መቀነስ ነው። 30ዎቹ እንቁላሎች ሲገቡ 1,800 ግራም ከመዘኑ፣ በ6ኛው ቀን 4 በመቶ ቀንሰው 1,728፣ በ12ኛው ቀን 8 በመቶ ቀንሰው 1,656፣ በ18ኛው ቀን 12 በመቶ ቀንሰው 1,584 ግራም መድረስ አለባቸው። በመሐል በብርሃን ሲመረመሩ ያልዳበሩ እንቁላሎች ከወጡ የመነሻው ክብደትም በዚያው ልክ ተቀንሶ ይሰላል፤ ይህን ላለመሳሳት በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ የመነሻ ክብደቱን በእርሳስ መጻፍ የሚመርጡ አሉ፣ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ።

በ2,500 ሜትር ከፍታ፣ ከቆላ በመጣ እንቁላል፣ የጸሐፊውን 50 በመቶ ይዞ የጀመረ ሰው በ6ኛው ቀን ትሪውን ሲመዝን 1,728 ሳይሆን ወደ 1,703 ግራም ያገኛል፤ በ4 በመቶ ፋንታ 5.4 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው። በቀን የሚጠፋው 0.9 በመቶ ነው፤ የሚፈለገው 0.67 ነበር። እርጥበቱን ወደ 63 በመቶ ቢያሳድግ ከዚያ ወዲያ ያለው መቀነስ ትክክለኛውን ፍጥነት ይይዛል፤ በ18ኛው ቀንም 13.4 በመቶ ላይ ይደርሳል፤ ይህም ከተፈቀደው ወሰን አይወጣም። የቀደመውንም ጭምር አካክሶ ልክ 12 ላይ መድረስ ከፈለገ ደግሞ እስከ 69 በመቶ መውጣት ይኖርበታል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ወሰኑ ውስጥ እስካለ ድረስ እርጥበቱን በአንድ ጊዜ ብዙ ከፍ ማድረግ ሌላ ችግር ሊያመጣ ይችላል፣ በ12ኛው ቀን እንደገና ለመመዘንም ዕድል አለ። በ6ኛው ቀን የሚመዝን ሰው ስሕተቱን ለማረም 12 ቀናት ይቀሩታል፤ የማይመዝን ሰው የሚያውቀው በ22ኛው ቀን ያልወጡትን እንቁላሎች ሲሰበስብ ነው። ለሚቀጥለው ዙር ደግሞ መነሻው የማንም ጽሑፍ ሳይሆን የራሱ መዝገብ ይሆናል፦ እንቁላሉ ከየት መጣ፣ እርጥበቱ ስንት ላይ ነበር፣ በ6ኛው፣ በ12ኛውና በ18ኛው ቀን ትሪው ስንት መዘነ፣ ያልወጡት ሲከፈቱ የአየር ክፍላቸው ሰፊ ነበር ወይስ ጠባብ።